ከስፒከሩ በፊት ወንበሩ



ከድምፅ ጋር የተያያዘ ሥራ የሚሠራ ሰው በሄደበት ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ስፒከር ልግዛ?» ይሉታል። ስንት ዋት፣ ስንት ኢንች፣ የየት አገር ሥሪት። «የት ላቁመው? እኔስ ከምን ያህል ርቀት ልቀመጥ?» የሚል ግን ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ስለማይጠየቀው ጥያቄ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገርና ስሟገትለት ላምሽ፦ ስፒከሩ ትልቅ በሆነ ቁጥር በቅድሚያ ቦታ የሚመረጠው ለአድማጩ ነው፤ ስፒከሩ ተከታይ ነው።

ትልቅ ስል ወለል ላይ የሚቆመውን፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚያልፈውን፣ ከታች ለወፍራሙ ድምፅ ዉፈር፣ ከመሀል ሚድሬንጅ፣ ከላይ ለቀጭኑ ድምፅ ትዊተር የተደረደረበትን ማለቴ ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ስፒከር ብዙ ነገር ይቅር ይላል። ትልቁ አይምርም።

እስቲ የእኛን ሳሎን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ተደግፎ ይዞራል። በአራተኛው ግድግዳ ቡፌው አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ። ከቡፌው ግራና ቀኝ፣ ጥግ ውስጥ፣ ሁለቱ ስፒከሮች ተወትፈዋል፤ አንዱ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሟል፣ ሌላው ዳንቴል ለብሶ የምርቃት ፎቶ ይዟል። ይህን አቀማመጥ አልነቅፈውም። ሳሎን እንግዳ ፊት ለፊት ተያይቶ እንዲጨዋወትበት፣ መሀሉም ለረከቦቱ እንዲለቀቅ የተሰናዳ ቦታ ነው። ለሙዚቃ ግን ከዚህ የከፋ አቀማመጥ ተፈልጎም አይገኝም። ምክንያቱን ለማየት ትንሽ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለብን፤ አትፍሩ፣ ከማካፈል አያልፍም።

ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዳንድ ሰው «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፣ ሒሳቡ ይለያል» ይላል። አይለይም። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው፤ ከፍታው በራሱ አይቀይረውም። ስለዚህ ለንደን የተሠራው ስሌት ሽሮ ሜዳም ይሠራል። አሁን የአንድ ዝቅተኛ ድምፅ ሞገድ ስንት ሜትር እንደሚረዝም ለማወቅ 343ን ለ40 ኸርዝ አካፍሉ። 8.6 ሜትር ይመጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ፍሬት ላይ ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፤ የዚያ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይረዝማል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ክፍል ውስጥ «ከስፒከሩ ወጥቶ ወደ ጆሮ ሄደ» አይባልም። ክፍሉን ሞልቶ ክፍሉን ራሱን ያናውጠዋል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ሳሎን እንውሰድ፤ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር። በርዝመቱ አቅጣጫ የመጀመሪያው የክፍሉ የራሱ ድምፅ 343 ሲካፈል ለርዝመቱ እጥፍ፣ ማለትም ለ10 ነው፣ 34 ኸርዝ። ሁለተኛው እጥፉ ነው፣ 69 ገደማ። በቁመቱ 343 ለ5.4 ሲካፈል 64 ኸርዝ ይመጣል። በገበቴ ያለ ውሃ ሲናወጥ አይታችሁ ከሆነ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መሀሉ ደግሞ ባለበት ይቆያል። በመጀመሪያው ሞገድ የአየሩም ግፊት በክፍሉ ውስጥ እንደዚያው ነው። ግድግዳው ሥር ይበረታል፣ መሀል ላይ ይጠፋል።

እንግዲህ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠው ሰውዬ ምን ይሰማዋል? 34ቱም 69ኙም በሙሉ ጉልበታቸው ጀርባው ላይ ናቸው። «ቤዙ ገደለኝ» ብሎ ቤዙን ይቀንሳል። ወዲያው ሚስቱ ቡና ልትቀዳ ወደ መሀል ትመጣና «ዘፈኑ ምን ሆኖ ሳሳ?» ትላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ያሉት ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው በሁለት የተለያየ ድምፅ ውስጥ ነው። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ሰው ከኋላ ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት ሲሶ ያህል፣ 1.65 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ፈቀቅ ብሎ ይቀመጥ። እዚያ ቦታ ላይ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ሞገድ ግፊታቸው ግድግዳው ሥር ከነበረው ግማሽ ይሆናል። አንዱ ጎልቶ አንዱ አይጠፋም። ሲሶው የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ምሥጢር የለውም። ባለሙያዎች አንዳንዴ 38 በመቶ ይላሉ፤ ቁም ነገሩ ያው ነው፣ ከግድግዳ ራቁ፣ መሀሉንም አትያዙ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። 64ና 69 ጎረቤት ናቸው። በቤዝ ጊታር ሁለተኛው ወፍራም ክር፣ ኤ የሚባለው፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ የሚሰጠው ዝቅተኛ «ዶ» 65 ኸርዝ ነው፤ ሁለቱ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ በዚህ ሳሎን ውስጥ ቤዚስቱ በዚያች ኖታ ባለፈ ቁጥር ክፍሉ አብሮት ያጓራል። ተጫዋቹ እኩል አድርጎ የመታቸው ኖታዎች እናንተ ጋ ሲደርሱ አንዷ ጎረምሳ፣ ሌሎቹ ሕፃናት ይሆናሉ። ከዚያ ቀረጻው ይወቀሳል፣ አቀናባሪው ይወቀሳል። ቤቱን የሚወቅስ የለም።

ማንፍሬድ ሽሮደር የሚባል ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ይህ የክፍሉ አገዛዝ እስከ የት እንደሚደርስ የሚገመትበትን ቀመር ትቶልናል። ለእኛ ሳሎን፣ ዕቃው በልክ ከሆነ፣ 200 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ከዚያ በታች የምትሰሙት በአብዛኛው ክፍሉን ነው። ትልቅ ስፒከር የምትገዙት ደግሞ በትክክል ከዚያ በታች ላለው ድምፅ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት የድምፁ ክፍል በሙሉ ዕጣው የሚወሰነው በወንበራችሁ ቦታ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበልና ስለ ቤቶቻችን ላንሣ። በድሮው የጭቃ ቤት፣ የአቡጀዴ ኮርኒስ ተወጥሮበት፣ ከበላዩ ቆርቆሮ ብቻ ባለበት ቤት ሙዚቃ የሰሙ ሰዎች «ያኔ ድምፁ ጥሩ ነበር» ሲሉ ትዝታ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፏቸው። ጨርቁም ሆነ በኋላ የመጣው ችፑድ ኮርኒስ ስስ ነው፣ ከኋላው ባዶ አየር አለ፤ ዝቅተኛው ድምፅ ሲመታው አብሮ ይርገበገባል፣ ጉልበቱን ይበላዋል፣ የተረፈውም በጣሪያው ወደ ውጭ ያመልጣል። ወደ ክፍሉ ተመልሶ የሚያጓራው ጥቂት ነው። የዛሬው አፓርታማ ወለሉ ኮንክሪት፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ምንጣፉ በሴራሚክ የተተካ ነው። ቤዙ መሄጃ የለውም። ሰዎች ታዲያ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ይለጥፋሉ። ካርቶኑ የሚነካው ከፍተኛውን ድምፅ ነው፣ እሱንም በመጠኑ። 65 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ወረቀት መኖሩንም አያውቅለትም። ወፍራም መጋረጃም እንዲሁ። ለሌላ ነገር ይጠቅማሉ፣ ለዚህ አይጠቅሙም።

ወደ ርቀቱ እንምጣ። ወንበሩ ከኋላ ግድግዳ 1.65 ሜትር ላይ ተተከለ እንበል። ከፊት ለፊት ግድግዳ ደግሞ የስፒከሩ ፊት 90 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ከ5 ሜትሩ የሚተርፈው 2.45 ነው። ስፒከሮቹን በ2.4 ሜትር ካራራቅናቸው ከእያንዳንዱ እስከ ጆሯችን 2.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይበቃል ወይ? ለትልቅ ስፒከር ልክ መነሻው እዚህ አካባቢ ነው።

ምክንያቱ እነሆ። ዉፈሩ ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ትዊተሩ 1.10 ላይ ይሁኑ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከትዊተሩ ጋር እኩል ነው። ይህ ሰው 1.5 ሜትር ድረስ ከቀረበ የዉፈሩ ድምፅ ከትዊተሩ 20 ሴንቲ ሜትር የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ወደ 3 ሜትር ቢያፈገፍግ ልዩነቱ ወደ 10 ይወርዳል። ስፒከሩን የሠራው መሐንዲስ ሦስቱ እንደ አንድ ሆነው እንዲሰሙ ያስተካከለው አድማጩ ራቅ ብሎ ይቀመጣል ብሎ ነው። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ስትሰሙ ዘፋኙ ላይ፣ ከበሮው ታች ሆነው ለየብቻ ይቆማሉ። ከሁለት ሜትር ባላነሰ ርቀት መቀመጥ የማይቻልበት ክፍል ካላችሁ፣ በእኔ እምነት፣ ትልቅ ስፒከር አትግዙ። ሦስት በሦስት ተኩል በሆነ ክፍል ውስጥ ጥሩ ትንሽ ስፒከር ከትልቁ ይሻላል፤ ብሩም ይተርፋል።

ብዙ መራቅም ዋጋ አለው። ከስፒከሩ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅና ከግድግዳ፣ ከጣሪያ፣ ከሴራሚኩ እየነጠረ የሚመለሰው ድምፅ እኩል የሚሆኑበት ርቀት አለ። በእኛ ሳሎን፣ እንደ ዕቃው ብዛት፣ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ባለፋችሁ ቁጥር ከስፒከሩ ይልቅ ቤታችሁን ትሰማላችሁ። 2.7 ሜትር ላይ የተነጠረው አስቀድሞ በልጧል፤ ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ስለሚያከብር ነው የምናመልጠው። በአራትና በአምስት ሜትር ግን የማሲንቆው ጭራ ሲሳብ ያለው ሸካራነት፣ ዋሽንት ነፊው ትንፋሽ ሲወስድ የሚሰማው ነገር ይሟሟል። የክራር ክር ሲመታ ያለው ጫፍም ይደፈናል። በተጨማሪ የራቀ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ኮንክሪቱ ደግሞ ቤዙን ለጎረቤት ያደርሳል። ቀረብ ብላችሁ ስትሰሙ ጎረቤትም ይተኛል።

ቀድሞ ስለደረሰው ድምፅ ካነሣሁ፣ ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 በጎቲንገን ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ይታወሳል። አንድ ድምፅ ከሁለት አቅጣጫ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ሲመጣ አእምሯችን ሁለት ብሎ አይቆጥረውም፤ አንድ አድርጎ ቀድሞ ከደረሰው ወገን እንደመጣ ይወስደዋል። ስቴሪዮ የቆመው በዚህ ጠባያችን ጭምር ነው። የስቴሪዮን መሠረት የጣለው እንግሊዛዊው አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ፓተንቱን ሲያስገባ ገና 28 ዓመቱ ነበር። በ1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል የራዳር መሣሪያ ሲሞከርበት በነበረ አውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የፈጠረው ነገር ሳሎን ሲገባ አላየም።

ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። እኛ ከለካነው ወንበር ላይ ወደ ግራ ስንዝር ተኩል፣ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ብትጠጉ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው የመንገድ ልዩነት ወደ ሩብ ሜትር ይደርሳል፤ ሚሊ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ያኔ መሀል ቆሞ የነበረው ዘፋኝ ተነሥቶ ግራ ስፒከር ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ላይ ስቴሪዮ የሚሰማው መሀል የተቀመጠው ብቻ ነው። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት የእናንተ ፋንታ ነው። ስፒከሮቹን ከጆሯችሁ ትንሽ ወደፊት እንዲያነጣጥሩ ወደ ውስጥ ብታዞሯቸው ጉዳቱ ይቀንሳል፣ አይጠፋም።

መጽሐፎቹ ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፣ 60 ዲግሪ ይክፈቱ ይላሉ። በእኛ ልኬት 52 ዲግሪ ገደማ ነው የሚወጣው። 60 ለማድረስ ብለን ብናራርቃቸው ወደ ጎን ግድግዳዎቹ ይጠጋሉ፤ እኔ ስምንቱን ዲግሪ ትቼ ከጎን ግድግዳ ያለውን 80 ሴንቲ ሜትር እመርጣለሁ። ግድግዳ የቅርብ ባላጋራ ነው።

ስለዚህ ባላጋራ ደግሞ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። ዝቅተኛ ድምፅ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፣ ስፒከሩን ዞሮ ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ከስፒከሩ ጀርባ፣ ከእኛ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ነጥሮ ተመልሶ ከቀጥታው ጋር ይገናኛል። ሄዶ የመጣበት መንገድ የሞገዱ ግማሽ ከሆነ ይጣላሉ፣ ይሰረዛዛሉ። ፊቱ ከግድግዳ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጠቡ 95 ኸርዝ ላይ ነው። 50 ከሆነ 171 ላይ። ጠቡን ማስቀረት አይቻልም፣ ማዛወር ግን ይቻላል። ሮይ አሊሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን በዝርዝር አሳይቶ ጽፏል፤ ከዚህ የሚቀሰመው ትልቁ ትምህርት ዉፈሩ ከወለሉ፣ ከጎን ግድግዳውና ከፊት ግድግዳው ያለው ርቀት እኩል እንዳይሆን ነው። ሦስቱ እኩል ከሆኑ ሦስቱም ጠብ በአንድ ኖታ ላይ ይወድቃል። 30፣ 80፣ 90 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ እንዲያውም 80ና 90 የበለጠ ቢራራቁ ደስ ባለኝ።

ጥግስ? ጥግ ውስጥ ሦስት ገጽ ይገናኛል፤ እያንዳንዱ ዝቅተኛውን ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል። ስፒከሩ ነጻ ቦታ ላይ ትክክል እንዲሆን ከተሠራ ጥግ ውስጥ ቤዙ ያብጣል። ግን ሕግ የለም፤ ፖል ክሊፕሽ በአርካንሳስ እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ ያወጣው ክሊፕሽሆርን ሲፈጠር ጀምሮ ለጥግ የተሠራ ነው፤ የቤቱን ሁለት ግድግዳ የራሱ ቀንድ ማራዘሚያ አድርጎ ይጠቀምባቸዋል። እሱን ወደ መሀል ማውጣት እግሩን መቁረጥ ነው። በተቃራኒው የእንግሊዙ ኳድ በ1957 ያወጣው ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ድምፅ ስለሚያወጣ ከኋላው በቂ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሠሪው ምን አስቦ እንደሠራው ዕወቁ። ገበያ ላይ የምናገኘው ተራ ስፒከር ግን ለጥግ አልታሰበም፤ ጥግ ያስገባነው እኛ ነን።

የዓረቢያን መጅሊስ ያላችሁም አላችሁ። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ከወለል 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል፤ ትዊተሩ ከአናቱ በላይ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ወደ ወለሉ በወረደ መጠን ያ በቁመት የሚመጣው 64 ኸርዝ ይበረታበታል፣ ወንበር ላይ ካለው ሰው በግልጽ ይበልጣል። ለመጀመሪያው ችግር ከስፒከሩ የኋላ እግሮች ሥር ቀጭን ጣውላ አድርጋችሁ ወደ ፊት ጥቂት ማዘንበል ይበቃል፤ ብቻ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ፣ በተለይ ልጆች ካሉ። ለሁለተኛው መድኃኒቱ መነሣት ነው።

አሁን ሥራው። ስፒከሩ 40 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፣ ወንበሩ አምስት አይሞላም፤ ታዲያ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የትኛው ይሁን? የቤዝ ጊታሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበትን ዘፈን ምረጡ፣ እያንዳንዱ ኖታ እኩል እስኪሰማ ድረስ ወንበሩን ስንዝር በስንዝር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። በአንድ ቦታ ላይ ያቺ ጎረምሳ «ዶ» ከጓደኞቿ ጋር ትስተካከላለች። እዚያ ላይ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ በኋላ ነው ስፒከሩ። ሴራሚክ ላይ ከሆነ ቁራጭ ምንጣፍ ገልብጣችሁ ከሥሩ ብታደርጉ አንድ ሰው ብቻውን ይገፋዋል። የሰው ድምፅ ብቻ ያለበትን፣ ንባብ ቢሆን እንኳ፣ ክፈቱና ተናጋሪው መሀል ላይ አንድ ቦታ እስኪቆም አስተካክሉ፤ ድምፁ ሰፊ ከሆነና ዙሪያው ከጠፋ አንዱ ስፒከር ቀርቧል ወይም ከጎን ግድግዳው ጋር ተጣብቋል። በሜትር ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ላይ የሠራውን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ያለው ካለ፣ ቪብራፎኑ ሲመታና ሲከስም መጨረሻው ድረስ ይከተለው፤ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ከበዛ ከመክሰሙ በፊት ይዋጣል።

ስፒከሩም ወንበሩም ሳሎኑ መሀል ቀርተው ቤተሰብ መተላለፊያ ያጣል እንዳትሉኝ። የፕላስተር ምልክቱ ለዚህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ማታ ሲሆን ወደ ምልክቱ ይወጣል። ቡፌው አይነካም፣ ፎቶውና ዳንቴሉ ግን ቡፌው ላይ ይውጡ፤ ስፒከር ላይ ያለ ዕቃ ይንጫጫል።

በመጨረሻ፣ ሁልጊዜ ስለሚነሣው ስለ ኢኳላይዘር። ያበጠን ድምፅ ዝቅ ለማድረግ ይረዳል፤ 65 ኸርዝ ላይ በጥንቃቄ ጥቂት ዴሲቤል ብትቀንሱ አልቃወምም። የጎደለን መሙላት ላይ ግን አይሆንም። 10 ዴሲቤል ለመጨመር አምፕሊፋየሩ አሥር እጥፍ ኃይል ማውጣት አለበት። ድምፁ የጠፋው ቀጥታውና ከግድግዳ የነጠረው ስለተሰረዛዙ ከሆነ ደግሞ፣ ጨምራችሁ የላካችሁት ኃይል የነጠረውንም በዚያው ልክ ያሳድገዋል። ጉድለቱ ባለበት ይቀራል፤ የሚጨመረው የዉፈሩ ሙቀት ብቻ ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ የሳሎናችሁን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ከያዛችሁ ከዚያ እንጀምር።